ነፋሱ አናት ላይ ያልፋል፣ ሙቀቱ መንገድ ላይ ይቀራል፦ የምዕራብ ካውሉን የጉዳይ ጥናት

ካውሉን ወደ ቪክቶሪያ ወደብ የገባ የሆንግ ኮንግ ልሳነ ምድር ነው፤ በምዕራብ፣ በደቡብና በምሥራቅ ውሃ ያዋስነዋል። እንዲህ ያለ ቦታ በነፋስ ባልተቸገረ ነበር። ነገር ግን በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ምዕራባዊው ዳርቻ ላይ የሚነፍሰው የባሕር ነፋስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ገብቶ ሞንግ ኮክ የሚባለው ሰፈር ሲደርስ፣ እግረኛው በሚሄድበት ከፍታ እምብዛም አይሰማም። ይህ ጥናት በዚያች አጭር ርቀት ውስጥ ነፋሱ ምን እንደሚገጥመው ያያል፤ ከተማዋ ከ2003 ወዲህ ያወጣቻቸው ደንቦች የት እንደሠሩና የት እንደተሰናከሉም ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነዋሪው ችግሩን «የመከለያ ፎቆች» በሚል ስም ያውቀዋል። ጎን ለጎን ተደርድረው ባሕሩን የሚከልሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው ይህን ስም ያወጡት። ክርክሩም ሁልጊዜ ቁመታቸው ላይ ያተኩራል። ማስረጃው ግን ዓይናችንን ዝቅ እንድናደርግ ያስገድደናል። በእግረኛው ከፍታ የሚደርሰውን ነፋስ ከሁሉ በላይ የሚወስነው የሕንፃው እግር ነው፦ ከመሬት እስከ 15 ወይም 20 ሜትር ድረስ ያለው ክፍል ምን ያህል መሬት እንደሸፈነና ክፍተቱ ወደየት እንደሚያይ።

ቦታው እንዴት እንዲህ ሆነ

የሆንግ ኮንግ የየብስ ስፋት 1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አብዛኛው ተራራና ጥብቅ አረንጓዴ ስፍራ ስለሆነ የተገነባው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ሰባት ሚሊዮን ተኩል የሚሆን ሕዝብ በዚያ ሩብ ላይ ይኖራል። ስለዚህ ወደ ላይ መሥራት ምርጫ አልነበረም። በካውሉን ለመኖሪያ የሚፈቀደው የወለል ስፋት ለረጅም ጊዜ የቦታውን ስፋት እስከ 7.5 እጥፍ ይደርስ ነበር፤ 1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ 7,500 ካሬ ሜትር መኖሪያ ወለል ማለት ነው።

ከዚህ ቁጥር ይልቅ ነፋሱን የጎዳው ሌላ የግንባታ ደንብ ነው። ለመኖሪያ ያልሆነው የሕንፃው ክፍል እስከ 15 ሜትር ከፍታ ድረስ ቦታውን መቶ በመቶ መሸፈን ይችላል። ገንቢው ሱቁን፣ የመኪና ማቆሚያውንና መግቢያውን በዚህ ከፍታ ውስጥ ያጭቃል፤ ከአጥር እስከ አጥር የሚሞላ ሳጥን ይሆናል። መኖሪያ ማማዎቹ የሚቆሙት በሳጥኑ ጣሪያ ላይ ነው። በሙያው ፖዲየም የሚባለው ይህ ሳጥን ነው።

ከዚያ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ከ1990 ጀምሮ የምዕራብ ካውሉን ባሕር ተሞልቶ ወደ 340 ሄክታር የሚጠጋ አዲስ መሬት ተፈጠረ። ፌሪ ስትሪት የሚባለው መንገድ ቀድሞ የውሃው ዳር ነበር፤ ዛሬ ከዳርቻው ርቆ መሀል ገብቷል። በአዲሱ መሬት ላይ የባቡር መስመር ተዘርግቶ በ1998 ካውሉንና ኦሊምፒክ የተባሉት ጣቢያዎች ሲከፈቱ፣ በላያቸውና በዙሪያቸው በሰፋፊ ፖዲየም ላይ የቆሙ የማማ ስብስቦች በቀሉ። ከነሱ ረጅሙ የሆነው 484 ሜትሩ ዓለም አቀፍ የንግድ ማዕከል በ2010 ተጠናቀቀ። በዚያው በ1998 ጁላይ ላይ ደግሞ ካይ ታክ የተባለው አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ተዘጋ። ለአውሮፕላኖቹ ሲባል በካውሉን ላይ ተጥሎ የኖረው የቁመት ገደብ ላላ። ከባሕሩ በኩል አዲስ ረድፍ ቆመ፤ ከኋላው ያሉት አሮጌ ሰፈሮችም ወደ ላይ ለማደግ ነፃ ሆኑ።

የአሮጌው ሰፈር የመንገድ አሠራር ግን አልተለወጠም። ናታን ሮድ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘረጋል። አርጋይል ስትሪት፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ሮድና ባውንደሪ ስትሪት በጥቅሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። የሰፈሩ መተንፈሻ እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ነፋሱ ከውሃ ወደ መንገድ ሲጓዝ

ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ሲነሣ በየብሱ ላይ ያለው ግፊት ይቀንስና ከባሕሩ በኩል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይገባል። ብዙውን ጊዜ ረፋድ ላይ ይጀምራል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሞታል። ውፍረቱ ጥቂት መቶ ሜትሮች ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ከ2 እስከ 5 ሜትር ቢሆን የተለመደ ነው። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከካውሉን በስተሰሜን ካሉት እንደ 495 ሜትሩ ላየን ሮክ ካሉ አረንጓዴ ኮረብቶች ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ይፈሳል።

በሆንግ ኮንግ የዓመቱ ዋነኛ ነፋስ ከምሥራቅ በኩል ይመጣል፤ በሙቀት ወራት ደቡባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ነፋስ ይጨመርበታል። ምዕራባዊው የባሕር ነፋስ የሚነሣው ዋናው ነፋስ ሲደክም ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚፈጠረው ድንገተኛ ለውጥ ለአውሮፕላን እንኳ አደገኛ በመሆኑ የሆንግ ኮንግ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ከ2002 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያው በሌዘር ጨረር ይከታተለዋል። ለእግረኛው ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ይህ ነፋስ የሚያስፈልገው ሌላ ነፋስ በሌለበት በጣም ሞቃት ቀን ነው፤ በራሱም ደካማ ነው። ጠንካራ ነፋስ መሰናክል ገፍቶ ይገባል፤ ደካማው ግን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀራል።

በዳርቻው ያለውን ማማ የመታ ነፋስ ሦስት መንገድ አለው። ከፊሉ ከላይ ይዘላል። ከፊሉ በጎን ይዞራል። ቀሪው ከሕንፃው ቁመት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ብሎ የመታው አየር የግድግዳውን ፊት ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ወራጅ ነፋስ በቀዝቃዛ አገር እግረኛውን የሚያስቸግር ነው፤ በሞቃትና እርጥብ ከተማ ግን ሲሳይ ነው፤ ከላይ ያለውን ፈጣን አየር ወደ መንገድ ያወርዳልና። ፖዲየም ሲኖር ታሪኩ እዚያ ያበቃል። አየሩ የሚያርፈው 15 ሜትር ላይ ባለው ጣሪያ ነው፤ ከዚያ አግድም ይፈስና ከጣሪያው ጠርዝ ወደሚቀጥለው ጣሪያ ይሻገራል። ከማማው ሥር ያለው የነዋሪዎች የአትክልት ስፍራ ይነፍስበታል፤ ከሥሩ ያለው መንገድ ይታፈናል።

ከመጀመሪያው ረድፍ ኋላ ያለውን የሚወስነው የሕንፃ ቁመት ለመንገድ ስፋት ሲካፈል የሚሰጠው ቁጥር ነው። ነፋሱ መንገዱን አቋርጦ ሲመጣና ቁጥሩ ከ0.3 ሲያንስ አየሩ ከሕንፃ ወርዶ መሬት ይነካል። ከ0.3 እስከ 0.65 ገደማ አንዱ ሕንፃ የሚያውከው አየር ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ካለፈ ዋናው ፍሰት በጣሪያዎቹ ላይ ይንሸራተታል፤ ከሥር የሚቀረው በራሱ ላይ የሚሽከረከር ደካማ አየር ነው። አሁን 15 ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ግራና ቀኝ 60 ሜትር ሕንፃ ብናቆም ቁጥሩ 4 ይሆናል። እንዲህ ባለ ጥልቅ ሸለቆ ሽክርክሪቱ ራሱ ሁለት ፎቅ ይሆናል፤ የታችኛው ከላይኛው በተቃራኒ ይዞራል፣ እጅግም ይደክማል። የመኪና ጭስ ከመሬት የማይነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። መንግሥት የመንገድ ዳር የአየር ብክለት መለኪያ ካቆመባቸው ቦታዎች አንዱ ሞንግ ኮክ ነው።

ነፋሱ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሲሆን ግን ያው ሸለቆ እንደ ቦይ ያገለግላል። የምዕራቡ ነፋስ ናታን ሮድን አቋርጦ ሲያልፍ ምንም አይፈይድም፤ አርጋይል ስትሪት ላይ ግን ሰተት ብሎ ይገባል፤ አፉ ላይ የዘጋው ነገር ከሌለ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል

ኮንክሪት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይተፋል። ሰፊ ሜዳ ላይ ያ ሙቀት በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ያመልጣል። በጥልቅ መንገድ ግን ከግድግዳ የወጣው ጨረር ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ከመንገዱ መሀል ቀና ብሎ የሚታየው ሰማይ ቀጭን ክር ነው። ስለዚህ የከተማው ትርፍ ሙቀት ከቀን ይልቅ ሌሊት ጎልቶ ይታያል። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛው የሙቀት መጠን ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልወረደበትን ሌሊት «ሞቃት ሌሊት»፣ ከፍተኛው 33 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነበትን ቀን ደግሞ «በጣም ሞቃት ቀን» ብሎ ይመዘግባል። በ2021 ዓመት 61 ሞቃት ሌሊቶችና 54 በጣም ሞቃት ቀኖች ተቆጥረዋል። ዋናው ጣቢያ የሚገኘው እዚያው ካውሉን ውስጥ፣ በናታን ሮድ ደቡባዊ ጫፍ አቅራቢያ ነው።

ኤር ኮንዲሽነር በዚህ ላይ ይጨምራል። አንድ ኪሎ ዋት ኤሌክትሪክ የሚወስድና ከክፍሉ 3 ኪሎ ዋት ሙቀት የሚያወጣ መሣሪያ ወደ ውጭ የሚለቀው 4 ኪሎ ዋት ነው። በሆንግ ኮንግ ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ ወደ 30 በመቶ የሚሆነው ለዚሁ ማቀዝቀዣ ይውላል። መንገዱ ሲሞቅ መስኮት ይዘጋል፤ መስኮት ሲዘጋ መሣሪያው ይበራል፤ መሣሪያው ሲበራ መንገዱ ይሞቃል። ይህን አዙሪት መስበር የሚችል ርካሽ ነገር ቢኖር መንገዱን ጠርጎ የሚሄድ ነፋስ ነው።

የነፋሱ ዋጋ በቁጥር ይታወቃል። በሆንግ ኮንግ ከቤት ውጭ በተደረገ የምቾት ጥናት፣ ሙቀቱ 28 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ በሆነበት ቀን ቀለል ያለ ልብስ ለብሶ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው «አይሞቅም፣ አይበርድም» እንዲል በሰከንድ 1.6 ሜትር ገደማ ነፋስ ያስፈልገዋል። ነፋሱ በሰከንድ ከ1 ሜትር ወደ 0.3 ሜትር ቢወርድ ደግሞ ሰውነት የሚሰማው ልዩነት ሙቀቱ 1.9 ዲግሪ የጨመረ ያህል ነው። ቴርሞሜትሩ ሳይንቀሳቀስ ማለት ነው። የከተማ ሙቀትን በቴርሞሜትር ብቻ የሚለካ ሰው የችግሩን ግማሽ ያጣዋል።

የረጅም ጊዜ መዝገቡም ይህንኑ ይመሰክራል። በካውሉን መሀል በሚገኘው ኪንግስ ፓርክ ጣቢያ ዙሪያው በሕንፃ እየተሞላ ሲሄድ አማካይ የነፋስ ፍጥነት ለአሥርት ዓመታት ወረደ፤ ክፍት ባሕር ላይ ባለችው ዋግላን ደሴት ግን ተመሳሳይ ቅናሽ አልታየም። ነፋሱ ከአካባቢው አልጠፋም። ከተማው ነው ያጠፋው።

ከሁሉ የከፋው ቀን ታይፉን ከመምጣቱ በፊት ያለው ነው። አውሎ ነፋሱ ገና ሩቅ ሳለ ከዙሪያው ቁልቁል የሚወርደው አየር እየተጨመቀ ይሞቃል፣ ደመናን ያጠፋል፣ ነፋሱንም ያደክማል። ታይፉን ሃቶ ከመድረሱ በፊት፣ ኦገስት 22 ቀን 2017፣ ዋናው ጣቢያ 36.6 ዲግሪ መዝግቧል። ንድፍ የሚፈተነው በእንዲህ ያለ ቀን ነው፤ በዓመታዊ አማካይ አይደለም።

ወረርሽኙና የመጣው ደንብ

በ2003 ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ሆንግ ኮንግ ውስጥ 1,755 ሰው ይዞ 299 ገደለ። ካውሉን ውስጥ ባለ አንድ የመኖሪያ ስብስብ ብቻ ከ300 በላይ ሰዎች ተያዙ፤ በሕንፃዎቹ የፍሳሽ ቧንቧና በሕንፃዎቹ መካከል ባለው አየር ላይ ጥያቄ ተነሣ። ቲም ክሊን የተባለው የመንግሥት ግብረ ኃይል በዚያው ዓመት ኦገስት ባወጣው ሪፖርት፣ ትልልቅ ግንባታዎች ሲታቀዱ የአየር ዝውውር ግምገማ ይደረግ የሚለው ሐሳብ እንዲጠና አሳሰበ። የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ለሆንግ ኮንግ የቻይና ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ መሪው የአርክቴክቸር ፕሮፌሰሩ ኤድዋርድ ንግ ነበሩ። ጥናቱ በ2005 ተጠናቀቀ፤ በጁላይ 2006 የመንግሥት ግንባታዎችን የሚመለከት የቴክኒክ መመሪያ ሆኖ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሕዝቡ ግፊት በረታ። መንግሥት በምዕራብ ካውሉን በናም ቼንግ ጣቢያ ላይ ታቅዶ የነበረው ግንባታ መጠጋጋቱ እንዲቀነስ አደረገ። መላውን ከተማ በስምንት የሙቀትና የነፋስ ደረጃ የሚከፍል የአየር ንብረት ካርታም ተሠርቶ በ2012 ተጠናቀቀ።

ግምገማው በተግባር

መለኪያው አንድ ቁጥር ነው፦ ከመሬት 2 ሜትር ላይ ያለው የነፋስ ፍጥነት፣ ሕንፃና ኮረብታ በማይነካው ከፍታ ላይ ላለው ፍጥነት ሲካፈል። የፍጥነት ጥምርታ ይባላል። ከላይ በሰከንድ 6 ሜትር እየነፈሰ ጥምርታው 0.10 ከሆነ እግረኛው 0.6 ሜትር ያገኛል። ለ1.6 ሜትር ጥምርታው 0.27 አካባቢ መድረስ አለበት።

ሥራው በሦስት እርከን ይሄዳል። መጀመሪያ ባለሙያ ካርታውንና የነፋስ መረጃውን አይቶ አስተያየት ይሰጣል። ቀጥሎ አማራጭ ንድፎች በኮምፒውተር ስሌት ይነጻጸራሉ። ውስብስብ ሲሆን የሕንፃዎቹ ትንሽ ሞዴል አየር በሚነፋበት መሞከሪያ፣ በነፋስ ዋሻ፣ ውስጥ ይገባል። የሚገመገመው ክልል ከቦታው አጥር ጀምሮ የረጅሙን ሕንፃ ቁመት ያህል ነው፤ በሞዴሉ ውስጥ የሚገባው ግን እስከ ሁለት እጥፍ ድረስ ያለው ነው። ሕንፃው 150 ሜትር ከሆነ 150 ሜትር ድረስ ይለካል፣ 300 ሜትር ድረስ ይሠራል። በአጥሩ ዙሪያ ከ10 እስከ 50 ሜትር እየተራራቁ የመለኪያ ነጥቦች ይቀመጣሉ፤ ሌሎች ነጥቦች ሰው በሚያዘወትርባቸው መንገዶችና አደባባዮች ላይ ይበተናሉ። ነፋስ ከ16 አቅጣጫ ይፈተናል፤ የየአቅጣጫው ጥምርታ ነፋሱ ከዚያ በሚመጣበት ድግግሞሽ ተባዝቶ ይደመራል።

ስሕተት የሚገባው እዚህ ድምር ላይ ነው። ለማስረዳት አቅጣጫዎቹን ወደ ሦስት እናጥፋቸው። ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ከጊዜው 50 በመቶ ይዞ ጥምርታው 0.25፣ ከደቡብ ምዕራብ 30 በመቶ ይዞ 0.10፣ ከምዕራብ 20 በመቶ ይዞ 0.10 ይሁን። ድምሩ 0.175 ይመጣል፤ ከላይ 6 ሜትር ሲነፍስ 1.05 ሜትር ማለት ነው። ወረቀት ላይ የሚያስከፋ አይደለም። ምዕራባዊው የባሕር ነፋስ ብቻ በቀረበት ሞቃት ከሰዓት ግን እግረኛው የሚያገኘው 0.6 ሜትር ነው፤ ያውም ከላይ ያለው ነፋስ 6 ሜትር ከሆነ። በእንዲህ ያለ ቀን ከዚያም ያንሳል። የሙቀት ወራት ነፋስ ለብቻው እንዲሰላ የሚጠየቀው ለዚህ ነው፤ ሪፖርት የሚያነብ ሰውም መጀመሪያ መክፈት ያለበት ያንን ገጽ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ነጥቦቹ የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ክፍት አደባባይ ላይ ብዙ ነጥብ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ጥቂት ነጥብ ካደረጉ አማካዩ ያምራል። አማካዩን ትቶ የእያንዳንዱን መንገድ ቁጥር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስሌቱ ውስጥ ነው። 2 ሜትር ላይ ያለው ፍጥነት እንዲታመን ከሥሩ ቢያንስ ሁለት የስሌት ሕዋሶች (ኮምፒውተሩ አየሩን የሚከፋፍልባቸው ትንንሽ ሳጥኖች) ሊኖሩ ይገባል፤ ስለዚህ ከመሬት አጠገብ ያለው ሕዋስ ከ0.8 ሜትር በላይ መሆን የለበትም። ከሕንፃዎቹ በፊትና በጎን የቁመታቸውን 5 እጥፍ፣ ከኋላቸው 15 እጥፍ ባዶ ቦታ ካልተተወ የሞዴሉ ግድግዳ ራሱ ነፋሱን ይጨምቅና ውጤቱ ከእውነቱ ይፈጥናል። በአማካይ ፍሰት ላይ የተመሠረቱት የተለመዱት ስሌቶች ደግሞ ከሕንፃ ኋላ ያለውን የረጋ አየር ከእውነቱ ያስረዝማሉ፤ አማራጮችን ለማወዳደር ይበቃሉ፣ ቁጥሩን እንዳለ ለማመን ግን አይበቁም። የነፋስ ዋሻ የራሱ ፈተና አለው። በ1፡400 ሞዴል ላይ የእግረኛው 2 ሜትር 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ መለኪያው 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ቢተከል የተለካው 3.2 ሜትር ላይ ያለ ነፋስ ነው።

አራተኛውና ከባዱ ስሕተት በአሠራሩ ውስጥ ነው ያለው። ግምገማው የማለፊያ ነጥብ የለውም። አንዱን ንድፍ ከሌላው ያወዳድራል እንጂ «ከዚህ በታች አይፈቀድም» አይልም። የመነሻ ንድፉ ሆን ተብሎም ይሁን ሳይታሰብ የባሰ ከሆነ ማንኛውም አማራጭ «መሻሻል» ይባላል።

የ2011 መመሪያና ቀዳዳው

ከኤፕሪል 2011 ጀምሮ የሕንፃዎች መምሪያ ግልጽ ቁጥሮች አስቀመጠ። ቦታው 2 ሄክታርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሳይቋረጥ የሚዘረጋው የሕንፃ ፊት 60 ሜትር ከደረሰ፣ ፊቱ በክፍተት መከፈል አለበት። ክፍተቱ እንደ ቦታው ስፋትና እንደ ሕንፃው ቁመት ከፊቱ ከ20 እስከ 33.3 በመቶ ይሆናል፤ ወርዱም ከ15 ሜትር አያንስም። ያልተቋረጠው ፊት በግራና ቀኝ ሕንፃዎች መካከል ካለው አማካይ ስፋት ከ5 እጥፍ አይበልጥም። ከ15 ሜትር በሚጠብ መንገድ ላይ የሚቆም ሕንፃ ከመንገዱ መሀል መስመር 7.5 ሜትር ይሸሻል። ከ1,000 እስከ 20,000 ካሬ ሜትር ባለ ቦታ 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው 30 በመቶ አረንጓዴ ይሆናል።

በምሳሌ፦ 80 ሜትር የሚዘረጋ ፊት ላይ 20 በመቶ ክፍተት ቢጠየቅ 16 ሜትር ይመጣል። አንድ ወጥ 16 ሜትር ክፍተት ደንቡን ያሟላል። ሁለት ባለ 8 ሜትር ክፍተቶች አያሟሉም፤ ይህም ትክክል ነው፤ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ አየሩ በግድግዳው ሰበቃ ይደክማልና።

ደንቡ በደንብ የታሰበበት ነው። ሁለት ቀዳዳ ግን አለው። አንደኛው፣ መመሪያው የተጣመረው ከተጨማሪ የወለል ፈቃድ ጋር ነው። ገንቢው መመሪያውን ሲያከብር አንዳንድ ወለሎች ሳይቆጠሩበት ይታለፋሉ፤ ያም በጥቅሉ በ10 በመቶ ጣሪያ ተገድቧል። ያንን ጥቅም የማይፈልግ ገንቢ ፊቱን በክፍተት የመክፈል ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው ሞንግ ኮክን በቀጥታ ይመታል። የአሮጌው ሰፈር ቦታዎች ጠባብ ናቸው፤ 60 ሜትር ፊት ያለው ጥቂት ነው። ከመነሻው በታች የሆኑ ትንንሽ ቦታዎች አንድ በአንድ እየፈረሱ እንደ እርሳስ ቀጭን ማማ ሲተካባቸው እያንዳንዱ ሕጋዊ ነው፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚሠሩት ግን ያንኑ ግድግዳ ነው።

ይህን ለመሙላት የከተማ ፕላን ቦርዱ በየሰፈሩ ፕላን ላይ የቁመት ገደብ፣ የማይገነባበት መሬትና በሕንፃዎች መካከል የሚተው ክፍተት ማስቀመጥ ጀመረ። ባለንብረቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። በሆንግ ኮንግ ደሴት ስላሉት ኮዝዌይ ቤይና ዋን ቻይ ሰፈሮች በተነሣው ሃይሳን የተባለው የንብረት ኩባንያ ክርክር፣ የመጨረሻው ይግባኝ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2016 በሰጠው ውሳኔ እንዲህ ያሉ ገደቦች ከንብረት መብት ጋር ሲነጻጸሩ ተመጣጣኝ መሆናቸው ሊፈተሽ እንደሚችል ወሰነ። ለባለሙያው የሚተርፈው ግልጽ ነው፦ «ለነፋስ ይጠቅማል» ማለት ብቻ አይበቃም። ይህ የ15 ሜትር ክፍተት በዚህ መንገድ ላይ፣ በዚህ ወር ነፋስ፣ ጥምርታውን ከዚህ ወደዚህ ያነሣዋል የሚል ስሌት በእጅ መኖር አለበት።

ዛፍ፣ ማስታወቂያና ጣሪያ

በሆንግ ኮንግ የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት የእግረኛውን አየር በ1 ዲግሪ ገደማ ለማብረድ ከከተማው ስፋት ወደ 33 በመቶ ዛፍ ያስፈልጋል። የረጃጅም ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሣር መትከል ከጣሪያው ሥር ላለው ፎቅ ይጠቅማል፤ መንገድ ላይ ላለው ሰው ግን ምንም አያወርድም። ዛፍም ቢሆን ቅርንጫፉ ዝቅ ብሎ ጠባብ መንገድ ከሞላ ነፋሱን ይዘጋል፤ ግንዱ ከፍ ያለ፣ አናቱ ጥላ የሚሰጥ ይመረጣል። የንግድ ማስታወቂያዎችን በተመለከተ የፕላን መመሪያው ወደ መንገድ በአግድም ከሚዘረጋው ይልቅ ቁልቁል የሚሰቀለውን ይመክራል። ቀላል ነገር ይመስላል። የሞንግ ኮክን መንገዶች ያየ ግን ከላይ የሚወርደው አየር በስንት ሳንቃ እንደሚታገድ ይገባዋል።

ምዕራብ ካውሉን ላይ በቅድሚያ የሚሠራው

ቅደም ተከተሉ ከባሕሩ ይጀምራል። የፕላን መመሪያው ዋና ዋና መንገዶችና የነፋስ መተላለፊያዎች ከዋናው ነፋስ ጋር ትይዩ ወይም እስከ 30 ዲግሪ ብቻ ያዘነበሉ እንዲሆኑ ይጠይቃል። አሮጌ ሰፈር ውስጥ መንገድ ማዞር አይቻልም፤ ስለዚህ ያሉትን የምሥራቅ ምዕራብ መንገዶች አፍ መጠበቅ ነው የሚቀረው። በአርጋይል፣ በፕሪንስ ኤድዋርድና በባውንደሪ ምዕራባዊ ጫፍ እስከ ውሃው ድረስ ባለው መስመር ላይ ድልድይም ሆነ ፖዲየም አዲስ ቢጨመር፣ ከኋላው ላለው ሰፈር ሁሉ ይከፈልበታል።

ቀጥሎ ፖዲየሙ። ደረጃ እየሠራ ወደ መንገዱ ዝቅ የሚል ፖዲየም ከማማው ፊት የሚወርደውን አየር ወደ መንገድ ያንከባልላል። ከማማው አንዱ ጎን ሳጥኑን አልፎ መሬት እንዲነካ ማድረግ ደግሞ የበለጠ ይሠራል። የሱቅ ወለል ይቀንሳል፤ ገንቢውን የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ሆኖም ከማማው ላይ አሥር ፎቅ ከመቁረጥ ይልቅ ይኸኛው ለእግረኛው ይበልጥ ይጠቅማል።

ቁመትን በተመለከተ ሁሉንም እኩል ማሳጠር ጥሩ አይደለም። እኩል ጣሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ነፋሱን በላያቸው እንዲንሸራተት ያደርጉታል። ወደ ባሕሩ ዝቅ ብለው ወደ ውስጥ ከፍ እያሉ የሚሄዱ፣ በመካከልም የሚበላለጡ ሕንፃዎች የላይኛውን አየር ይይዙና ያወርዱታል።

የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነው። ክፍተቱ ከኋላው ካለው ጋር መግጠም አለበት። በዳርቻው ረድፍ ላይ 15 ሜትር ክፍተት ትቶ ከ20 ሜትር በኋላ ሌላ ግድግዳ ካቆመው፣ የገባው አየር እዚያው ተገጭቶ ወደ ላይ ይመለሳል። የክፍተቱ መሀል መስመር ከኋላ ካለው መንገድ መሀል መስመር ጋር በአንድ ንድፍ ላይ ተሥሎ መታየት አለበት፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ባይሆን እንኳ። ፕላኑ ለፊርማ ከመቅረቡ በፊት የሚጠየቀው ወረቀት ይህ ነው፦ ከውሃው ዳር እስከ ናታን ሮድ ድረስ፣ በ15 ሜትር ከፍታ የተቆረጠ አንድ ካርታ፣ ክፍቱ ነጭ፣ የተዘጋው ጥቁር።